ለውሾች የወሊድ መከላከያ ክትባት የማበልጸግ መንገድ

በቀዶ ሕክምና ማምከን አስተማማኝ ቢሆንም ሐኪም፣ ማደንዘዣና ማገገሚያ ቦታ ስለሚጠይቅ በየጎዳናው ለሚኖሩት ውሾች አይዳረስም። ስለዚህ ክትባት ለማበልጸግ የተነሣ ቡድን ሥራውን የሚጀምረው ለየትኛው ውሻ እንደሚሠራ በመወሰን ነው። አንድ ጊዜ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ ዳግመኛ ላይገኝ ለሚችል ውሻ ተደጋጋሚ መርፌ አይጠቅመውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታወጀው የማይክልሰን ሽልማትም 25 ሚሊዮን ዶላር ያዘጋጀው ወንድና ሴት ውሾችንና ድመቶችን ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ጊዜ ለሚያመክን ግኝት ነበር።

ቀጥሎ ዒላማው ይመረጣል። የእንስቷን እንቁላል የሚሸፍነውን ዞና ፔሉሲዳ የሚያጠቃ ክትባት በፈረሶች ላይ ጥሩ ውጤት ቢያሳይም ለወንድ አይሠራም፤ በሴት ውሾች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻው አካል) እና የድራት (እንስቷ ለመዳቀል የምትፈልግበት ጊዜ) መዛባት ታይቷል። የተሻለው ዒላማ ጂኤንአርኤች የተባለው፣ በአንጎል ሃይፖታላመስ የሚመነጨውና በሁለቱም ጾታ የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያስለቅቀው ሆርሞን ነው። ችግሩ ይህ ሆርሞን የ10 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ብቻ መሆኑና የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት እንደ ራሱ ስለሚቆጥረው አለማጥቃቱ ነው። በመሆኑም ከባሕር ቀንድ አውጣ ደም ከሚገኝ ትልቅ ባዕድ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ የመከላከል ምላሽን ከሚያነቃቃ ረዳት ውህድ ማለትም ከአድጁቫንት ጋር ይሰጣል።

ብዙ ድካም የሚጠይቀው አድጁቫንቱ ነው። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2009 ለነጭ ጭራ ሴት አጋዘኖች የተመዘገበው ጎናኮን የተባለ የጂኤንአርኤች ክትባት በአድጁቫንቱ ውስጥ ማይኮባክቴሪየም የተባለ የተገደለ ባክቴሪያ ይዟል፤ ቀደም ያለው ቅመማ በውሾች ጡንቻ ሲወጋ እብጠትና መግል አስከትሏል። ክትባቱ የሚያስነሣው የመከላከያ ፕሮቲን ማለትም የአንቲቦዲው መጠን የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ ውሻን አንካሳ የሚያደርግ ቅመማ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

በሙከራው ወቅት አንቲቦዲ መለካት ብቻውን አይበቃም፤ የወንዱ የመራቢያ ሆርሞን ቴስቶስትሮን፣ የሴቷ የመራቢያ ሆርሞን ፕሮጄስትሮንና የድራት ምልክት፣ በመጨረሻም የቡችሎች መወለድ ካልተከተቡ ውሾች ጋር መነጻጸር ይኖርባቸዋል። ሴት ውሻ በአብዛኛው በየ6 እና 7 ወሩ ድራት ስለምታሳይና እርግዝናዋም 63 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ የጥቂት ወራት ክትትል የክትባቱን ዘላቂነት አያረጋግጥም።

መርፌው ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጋር በአንድ ቀን እንዲሰጥ ማቀድም ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ አንቲቦዲ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት በታች አለመውረዱ ይመረመራል። ጎናኮን ከዚህ ክትባት ጋር ለውሾች በተሰጠበት ጥናት የመከላከያ ምላሹ አልተጓደለም።

በምግብ ማጥመጃ የሚሰጥ ክትባት ለማሰራጨት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጂኤንአርኤች በአጥቢ እንስሳት ዘንድ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ የበላውን ሌላ እንስሳም ሊያመክን ይችላል። በባሌ ተራሮች ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፉባቸውና የሚዳቀሏቸው ቀይ ቀበሮዎች በመላ አገሪቱ 500 አዋቂ እንኳ ስለማይሞሉ፣ እንዲህ ባለ ስፍራ ክትባቱ በእጅ ከሚወጋ መርፌ ሌላ ቅርጽ ሊኖረው አይገባም።