በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል «በጥራት ጉድለት» ውድቅ ሲሆን

«ስክሪኔ ላይ እንከን የለውም፤ ታዲያ ለምን ውድቅ ሆነ?» እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ለሽያጭ የላከውን ምስል በ100 በመቶ፣ ማለትም በሙሉ መጠኑ ከፍቶ አላየውም። የምስል መሸጫው ድረ ገጽ ገምጋሚ ግን አይቶታል።

ምልክት፦ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ፀጉሩ ተጣብቋል፤ የልብሱ ሽመና ትል እንደሄደበት ተጠማዟል።

መንስኤ፦ ሳያርሙ ማጉላት፣ ማለትም የምስሉን ፒክስል በሶፍትዌር ማብዛት። ብዙ ምስል ሠሪ ሞዴሎች የሚያወጡት 1024 በ1024 ፒክስል፣ ማለትም 1 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። የምስል መሸጫው ድረ ገጽ አዶቤ ስቶክ ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ስለሚጠይቅ ሁሉም ወደ ማጉያው ይሮጣል። ማጉያው ስህተትን አያርምም፤ አድምቆ ይስለዋል እንጂ። አንድ ወዳጄ የተመለሱበትን 40 ምስሎች እንዳይለት ላከልኝ። በመጀመሪያው ላይ አንዲት ሴት ስኒ ይዛለች። የስኒው እጀታ ከጠቋሚ ጣቷ ጋር ተዋህዷል፤ ቀለበቷም ግማሽ ድረስ ዞሮ ቆዳዋ ውስጥ ሰጥሟል። በትንሹ ምስል ላይ ይህ ሁሉ ጥላ ይመስል ነበር። በየጎኑ አራት እጥፍ ሲጎላ ግን እጀታው ጥፍር አበቀለ! ሠላሳ ዘጠኙም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም።

መፍትሄ፦ ከማጉላታችሁ በፊት በ200 በመቶ ክፈቱና ከላይኛው ጥግ ጀምራችሁ እንደ እርሻ ትልም በትልም ውረዱ። ጣት ቁጠሩ። የመነጽሩን ዘንግ እስከ ጆሮ ተከተሉት፤ ብዙ ጊዜ ጉንጭ ላይ ይጠፋል። የተበላሸውን ቦታ ብቻ መርጣችሁ እንደገና አሠሩ። ከዚያ አጉሉ፤ በየጎኑ እጥፍ ይበቃል፣ 2048 በ2048 ከ4 ሜጋፒክስል ያልፋልና። ከጎላ በኋላም እንደገና እዩት። ጠርዝ የሚያደምቀውን መሣሪያ አትንኩ፤ በጥቁር ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ክር ይተዋል። አሁንም እላለሁ፣ አትንኩት።

ምልክት፦ ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። የቀለም ደረጃው ጥቂት በሆነው በ8 ቢት ቀለሙን ደጋግማችሁ ስላስተካከላችሁ ነው። ከመጀመሪያው ፋይል ተነሥታችሁ ደረጃው በበዛው በ16 ቢት ሥሩ፤ ጥቂት ብናኝ (ኖይዝ) ጨምሩና በመጨረሻ ጄፔግ አድርጉት።

ከጀርባ ያለው ማስታወቂያ የማይነበብ ፊደል ካለበት አጥፉት፤ ለማስተካከል አትልፉ። ጥላዎቹ በሁለት አቅጣጫ ከወደቁ ምስሉን ጣሉት።

ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ በመላኪያው ገጽ ላይ ያለውን ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ተመልከቱ፤ አዶቤ ስቶክ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠራቱ እንዲገለጽ ያስገድዳል። ሌሎቹ የምስል መሸጫዎች ጌቲ ኢሜጅስና ሻተርስቶክ ከአቅራቢዎች እንዲህ ያለ ምስል አይቀበሉም፤ እዚያ ልካችሁ ጣት ስትቆጥሩ አትዋሉ።