የፖርቶ ሪኮን የፈረስ እሽቅድድም ታሪክና የድል መዝገብ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ስለ ካሪቢያኗ ደሴት ስለ ፖርቶ ሪኮ ፈረሶች ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከቁጥር ጋር ይፋጠጣል። ካማሬሮ የተባለው ፈረስ ከአፕሪል 1953 እስከ ኦገስት 1955 ድረስ 56 ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፏል፤ የቾሪስባር ስም ሲነሣ ደግሞ 197 ድሎች አብረው ይነሣሉ (እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለውን ቁጥር ተረት ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢም ሆነ ፈረሶቹን ወዲያውኑ የዓለም ቁንጮ አድርጎ የሚያስቀምጠው አንባቢ ችኩል ነው። መዝገቡ እውነተኛ ነው፤ ትርጉም የሚሰጠው ግን ፈረሱ የት ተወለደ፣ የት ሮጠ፣ በየስንት ጊዜው ሮጠ፣ ከማንስ ጋር ተወዳደረ የሚሉት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው ጽሑፍ ስለ የትኛው ዓይነት ፈረስ እንደሚናገር መለየት ያስፈልጋል፤ በደሴቲቱ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ታሪኮች አሉና። የመጀመሪያው የሰጋሩ ፈረስ የፓሶ ፊኖ ታሪክ ነው። ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ደሴቲቱን ሲይዙ ከጎረቤት ሂስፓኒዮላ ያሻገሯቸው ፈረሶች የስፔንና የሰሜን አፍሪካ ደም የተቀላቀለባቸው ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በተራራማው አገር ረጅም መንገድ ተጉዞም ጋላቢውን የማያንገላታው ፈረስ ተፈላጊ ሆነ፤ አርቢዎችም ትውልድ በትውልድ ላይ እየመረጡ አረማመዱን አሳመሩት። በ1797 ደሴቲቱን የጎበኘው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አንድሬ ፒየር ሌድሩ የነዋሪዎቹን የፈረስ ውድድር ተመልክቶ የፈረሶቹን አረማመድ በአድናቆት ጽፏል። እንግዲህ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት ስለተካሄደ «ውድድር» የሚያወራ ጽሑፍ ሲያጋጥምዎ ዛሬ የምናውቀውን ክብ መም፣ የመነሻ በርና የሰዓት ቆጣሪ አያስቡ።

ፓሶ ፊኖን ለመመዘን ከዐይን ይልቅ ጆሮ ይበልጣል። ሲሰግር አራቱ ኮቴዎች በየተራ መሬት ይነካሉ፤ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ግራ ፊት እያለ ይቀጥላል፤ በመካከላቸው ያለው የጊዜ ልዩነትም እኩል መሆን አለበት። በሶምሶማ ጊዜ ግን ኮቴዎቹ በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚያርፉ ጋላቢው ኮርቻው ላይ ይነጥራል። በትርዒት ሜዳ ላይ ከእንጨት የተሠራ ጠባብ ወለል ይዘረጋና ፈረሱ በላዩ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፊኖ በሚባለው፣ ሰውነቱን እጅግ ሰብስቦ እርምጃውን በሚያሳጥርበት አረማመድ ፈረሱ ወደ ፊት የሚሄደው በዝግታ ነው፤ ኮቴዎቹ ግን ጣውላውን እንደ ከበሮ በፍጥነት ይመቱታል። ዳኞቹ የሚያዳምጡት ይህ ምት ሳይዛነፍ ከዳር እስከ ዳር መድረሱን ነው። የትርዒት ቪዲዮ ካገኙ አንድ ጊዜ ዐይንዎን ጨፍነው ያዳምጡት፤ ምቱ አንዴ ጠበብ አንዴ ሰፋ የሚል ከሆነ የፈረሱ አንገት የቱንም ያህል ቢያምር ውጤቱ ዝቅ ይላል። በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ዲኤምአርቲ3 በተባለው ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ በሰጋር ዝርያዎች ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል፤ አርቢዎቹ በዐይንና በጆሮ ሲመርጡት የኖሩት ነገር በደም ውስጥም ምልክት ነበረው ማለት ነው። የዘር ሐረግ የሚከታተል ሰው ደግሞ በ1927 በጓያማ የተወለደውን ዱልሴ ስዌኞን መነሻ ቢያደርግ ይበጀዋል፤ የዘመናዊው የፖርቶ ሪኮ ፓሶ ፊኖ የዘር ግንድ ሆኖ የሚቆጠረው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በሰዓት የሚለካው የቶሮብሬድ (ለፍጥነት ውድድር የሚረባ የፈረስ ዝርያ) እሽቅድድም ሲሆን በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት ቁጥሮችም የሚመጡት ከዚህ ወገን ነው። እዚህ ላይ አስቀድመው የትውልድ ቦታውን ይመልከቱ። በፖርቶ ሪኮ የተወለዱ ቶሮብሬዶች በአሜሪካው ጆኪ ክለብ የዘር መዝገብ ውስጥ ስለሚገቡ ወላጆቻቸውን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። በደሴቲቱ ውድድር ላይ «ተወላጅ» እና «ከውጭ የገባ» የሚለው ልዩነት ትልቅ ክብደት አለው፤ ከኬንታኪ ወይም ከፍሎሪዳ ተገዝቶ የመጣ ፈረስ ያገኘው ድል ስለ ደሴቲቱ እርባታ ምንም አይናገርም።

ቀጥሎ ሜዳውን ከዓመቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሳን ሁዋንና በአካባቢዋ ላስ ካሳስ፣ ኪንታና እና ላስ ሞንሃስ የተባሉ ሜዳዎች ነበሩ። ኤል ኮማንዳንቴ የተባለው ሜዳ ካሮሊና በተባለችው የፖርቶ ሪኮ ከተማ የተከፈተው በ1957 ሲሆን በዚሁ ስም የሚጠራው አዲሱ ሜዳ በካኖቫናስ ሥራ የጀመረው በ1976 ነው፤ ካማሬሮ የሚለውን ስያሜ ያገኘው ደግሞ በ2007 ነው። ፈረሱ ካማሬሮ በ1956 ስለሞተ በስሙ በተሰየመው ሜዳ ላይ አንድም ቀን አልሮጠም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። ድልን ብቻውን አይቁጠሩ፤ ሁልጊዜ ከተሳትፎ ጋር ያነጻጽሩት። ቾሪስባር ከ1937 እስከ 1947 ድረስ 324 ጊዜ ተወዳድሮ 197 ጊዜ አሸነፈ፤ ይህ 61 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው የደሴቲቱ ፈረስ ጋልጎ ጁኒየር ከ159 ውድድሮች 137ቱን ወሰደ፤ 86 በመቶ ይሆናል። ካማሬሮ በጠቅላላው ከ77 ውድድሮች በ73ቱ ቀንቶታል፤ 95 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ በድል ብዛት ቾሪስባር ይመራል፣ በድል ድርሻ ግን ከሦስቱ ካማሬሮን የሚደርስበት የለም። በመቀጠል ጊዜውን ያስሉ፤ ቾሪስባር በየዓመቱ በአማካይ ወደ 30 ጊዜ ሲሮጥ ካማሬሮ 56ቱን ድሎች ያገኘው በወር ሁለት ጊዜ ገደማ እየተወዳደረ ነው። ዛሬ በአሜሪካ አንድ ቶሮብሬድ በዓመት ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ይሮጣል። በብርድ ወራት ምክንያት ውድድር የማይቋረጥበት አየር ጠባይ፣ በአጭር ርቀት ላይ የሚገኙ ሜዳዎችና ብዙም ያልሰፋ የፈረሶች ቁጥር አንዱን ፈረስ ደጋግሞ ለማሰለፍ ያመቹ ነበር፤ ያንኑ ያህል ግን ተፎካካሪዎቹም ያው የታወቁት ፈረሶች ሆነው ይመላለሳሉ። ከካማሬሮ በፊት 54 ውድድሮች ሮጣ 54ቱንም ያሸነፈችው የሃንጋሪዋ ባዝራ ኪንቼም በባቡር እየተጫነች እስከ እንግሊዝና ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ ተወዳድራለች። በእኔ ግምት ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ 56 ከ54 ይበልጣል ማለት ተገቢ አይደለም፤ የካማሬሮ ክብር ያለው ያን ያህል እየተመላለሰ እግሩ አለመዛሉ ላይ ነው።

የደሴቲቱን የፉክክር ደረጃ መለካት የሚፈልግ ሰው ከደሴቲቱ የወጡትን ፈረሶች ይከተል፤ ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሉ። በኬንታኪ ተወልዶ በ1975 በፖርቶ ሪኮ መሮጥ የጀመረው ቦልድ ፎርብስ በማግስቱ ዓመት ከአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች መካከል የሆኑትን ኬንታኪ ደርቢንና ቤልሞንትን አሸነፈ። በፍሎሪዳ የተወለደው ሚስተር ፍሪስኪ ደግሞ በደሴቲቱ 13 ጊዜ ሳይሸነፍ ወደ ካሊፎርኒያ አቀና፤ ሳንታ አኒታ ደርቢን ጨምሮ ሦስት ድሎችን አክሎ ተከታታይ ድሉን 16 ካደረሰ በኋላ በ1990ው ኬንታኪ ደርቢ ስምንተኛ ወጣ። ሁለቱም ከውጭ የገቡ ፈረሶች እንደነበሩ ልብ ይበሉ። ተወላጆቹን ለመመዘን የሚሻለው ከ1966 ጀምሮ የሚካሄደው ክላሲኮ ዴል ካሪቤ ነው፤ በውድድሩ ተሳታፊ በሆኑ አገሮች የተወለዱ የሦስት ዓመት ፈረሶች የሚገናኙበት ውድድር ስለሆነ የፖርቶ ሪኮን እርባታ ከቬኔዝዌላ፣ ከፓናማና ከሜክሲኮ እርባታ ጋር በቀጥታ ያፋልማል።

በመጨረሻም ጋላቢዎቹን ከመዝገቡ አያስቀሩ። ቦልድ ፎርብስን ለሁለቱም ድሎች ያበቃው የሳን ሁዋኑ ሰፈር የሳንቱርሴ ልጅ አንሄል ኮርዴሮ ነው፤ ኬንታኪ ደርቢን በጠቅላላው ሦስት ጊዜ አሸንፎ በ1988 በአሜሪካ የእሽቅድድም የክብር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጆን ቬላስኬዝና ወንድማማቾቹ አይራድና ሆሴ ኦርቲዝ የወጡት በካኖቫናስ ሜዳ ካለው የጋላቢዎች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነው። የኒው ዮርክን ወይም የፍሎሪዳን የውድድር ዝርዝር ሲያዩ የጋላቢዎቹን የትውልድ ቦታ ቢያጣሩ፣ ደሴቲቱ በፈረስ ብቻ ከሚታየው እጅግ የሰፋ ድርሻ እንዳላት ይገነዘባሉ።