ሳልቡታሞል «አልሠራ» ሲል

ሳልቡታሞል በፓፍ (ወደ አፍ በሚረጭ መሣሪያ) የሚሳብ የአስም መድኃኒት ነው። የአየር ቧንቧውን የጠቀለለውን ጡንቻ ያላላል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ብዙ ጊዜ «አልሠራልኝም» የሚባለው ግን መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ስለቀረ ነው።

ይህን የሚቀንሰው ስፔሰር ነው፤ በፓፉና በአፍ መሃል የሚገባ ባዶ ዕቃ። እሱ ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። መቀመጫውን በፓፉ አፍ ልክ ብሱ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። በሳሙና እጠቡት፤ በጨርቅ ግን አትወልውሉት፣ ራሱ ይድረቅ። ፕላስቲክ ሲታሽ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል።

ፓፉን ነቅንቁ፣ ትንፋሽ አውጡ፣ አንዴ ብቻ ተጫኑ፣ በዝግታ ስባችሁ 10 ሰከንድ ያዙ። መያዝ ካቃተ እዚያው 5 ወይም 6 ጊዜ ተንፍሱ። ሁለቴ አከታትሎ መጫን ብክነት ነው። በከባድ ጥቃት ለአዋቂ ከ4 እስከ 10 ጊዜ፣ አንድ በአንድ እየተጫነ፣ በየ20 ደቂቃው፣ እስከ 1 ሰዓት፤ ያውም ወደ ሆስፒታል እየሄዳችሁ እንጂ ቤት ተቀምጣችሁ አይደለም።

በየቀኑ ሲደጋገም የጡንቻው ሴል ተቀባዮቹን (መድኃኒቱ የሚያርፍባቸውን) ከላዩ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያው መጠን ከበፊቱ ያነሰ ያላላል። አስም የሚያመጣውን የቧንቧ እብጠት ደግሞ ሳልቡታሞል ጨርሶ አይነካውም። እሱን የሚቀንሰው በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ነው፤ ሴሉም አዲስ ተቀባይ እንዲሠራ ያግዛል። ከስቴሮይዱ በኋላ ተጉመጥመጡና ትፉ፤ ካልሆነ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል።