አፉን ከፍቶ የሚተኛው ልጅ፦ የኬጂ መምህራን የአተነፋፈስና የንግግር ችግርን እንዴት ይለያሉ?

ከምሳ በኋላ ልጆቹ ፍራሽ ላይ ሲጋደሙ መምህሯም ትንሽ ትንፋሽ ታገኛለች። ስለ ልጆቹ ጤና ብዙ ነገር የሚታየው ግን ያኔ ነው። አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚተኛ፣ ትንፋሹ ለአፍታ ቆሞ በድንገት የሚቀጥል ልጅ የአፍንጫው መንገድ ከኋላ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይኸው ልጅ ክፍል ውስጥ “ማማ” ሊል ፈልጎ “ባባ” ቢል፣ ሲጠሩትም ባይዞር አይግረማችሁ። ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባል ሥጋ ሲያብጥ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦም ይዘጋል። ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ በደንብ ያልሰማ ልጅ ደግሞ በደንብ አይናገርም። ስለዚህ ትንፋሽንና ንግግርን ለያይታችሁ አትዩ።

የሚያስፈልጋችሁ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ፣ የእጅ መስታወትና ደብተር ነው። ዕድሜውን ከክትባት ካርዱ ገልብጡ፤ ቶሎ ኬጂ እንዲገባ ዕድሜው ተጨምሮ የሚመዘገብ ልጅ አለና።

1. ትንፋሹን ቁጠሩ

ልጁ ሮጦ ወይም አልቅሶ ከሆነ 10 ደቂቃ ያህል ይረፍ። ሹራቡን ከፍ አድርጋችሁ ሆዱን እያያችሁ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ቀስ ይላል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ ከ5 ዓመት በላይ ሲሆን ከ30 ማለፍ የለበትም። ትኩሳትም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ቢሆንም ያ ልጅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነው። አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ እያለ ሲስብ ጎርነን ያለ ድምፅ ካወጣ፣ መጠጣት ወይም ሁለት ቃል አያይዞ መናገር ካቃተው፣ ከደነዘዘ፣ ምላሱና ድዱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ወላጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። በጠይም ልጅ ከንፈር ብቻ ማየት አይበቃም፤ አፉን አስከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ልጁን አታስተኙት፤ በተመቸው አኳኋን ይቀመጥ፣ ምግብ አትስጡት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ሰፈሩ ሩቅ ከሆነና አምቡላንሱ ከዘገየ በተገኘው መኪና ወይም ባጃጅ ይሂድ።

2. ሳሉን ከጉንፋን ለዩ

ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ አዲስ አበባ ዳር ባሉት በኮዬ ፈጬም በቱሉ ዲምቱም ኮብልስቶን ያልገባበት መንገድ ሁሉ አቧራ ነው። ጠዋት ደግሞ የከሰልና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይጨመርበታል። ሁሉም ልጅ ስለሚስል የአስሙ ሳል ከጉንፋኑ ጋር ይደባለቃል። አስም የሚጠረጠረው ሳሉ እየተመላለሰ ሲመጣ፣ ትኩሳት ሳይኖር ሲቀጥል፣ ሌሊት፣ ሲሮጥ ወይም ክፍሉ ሲጠረግ ሲብስበት፣ ሲያስወጣም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሲሰማ ነው። “ብርድ መታው” ብሎ ማለፍ ለወራት ሕክምና ያሳጣዋል። ወለሉን ውሃ ሳትረጩ አትጥረጉ፤ የቡናው ከሰልና ዕጣንም ከክፍል ይራቅ።

ሐኪም ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ያዘዘለት ልጅ በአፉ ቀጥታ ቢወስደው መድኃኒቱ አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱና ፓፉን ሰክታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ፓፉን ነቅንቁ፣ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ ይያዝ፣ አንዴ ብቻ ጫኑ፣ 5 ጊዜ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ሁለት ከታዘዘለት ከመጀመሪያው ድገሙት።

3. ቆሎና አፍንጫ

ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሽምብራ በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ትን ብሎት በኃይል የሚስል ከሆነ ይሳል። ድምፅ ማውጣት ካቃተው ወደ ፊት አዘንብላችሁ በመዳፋችሁ ታችኛው ክፍል በትከሻ አጥንቶቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን አፈራርቁ። ውሃ አታጠጡ፣ የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ። ራሱን ከሳተ ወለል ላይ አጋድማችሁ ልብና ሳንባ የማነቃቃት እርዳታ ጀምሩ፤ ሌላ ሰው 907 ይደውል። ትንታው ካለፈ በኋላም ሳል የቀረበት ልጅ ሐኪም ይየው፤ ፍሬው ሳንባው ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአንድ በኩል ብቻ የሚገማ ንፍጥ ካያችሁ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አፍንጫው ውስጥ የተሰካ ባቄላ ወይም ስፖንጅ ነው።

4. ንግግሩን አዳምጡ

ኮልታፋ አነጋገር ስለሚጣፍጥ ችግሩ ይሸፈናል። የ3 ዓመት ልጅ “ብርቱካን”ን “ብይቱካን” ቢል ምንም አይደለም፤ “ረ” ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ነው። በ4 ዓመቱ ግን ልጁ የሚያወራውን አብዛኛውን ባዕድ ሰው ሊረዳው ይገባል። “ከበሮ”ን “ተበሮ” እያለ ከቀጠለ ወይም የቃላቱን መጀመሪያ እየጣለ አናባቢ ብቻ ካስቀረ ይመዝገብ። የነበረው ቃል የጠፋበት፣ በስሙ ሲጠራ የማይመልስ፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ልጅ ቀን አይቆጠርለትም፤ ወዲያው ይታይ።

“ማሚ ነይ” አስብሉት፣ ከዚያ አፍንጫውን ቆንጠጥ አድርጋችሁ እንዲደግመው አድርጉ። ድምፁ ካልተለወጠ አፍንጫው ቀድሞውንም ተዘግቷል። ቀጥሎ መስታወቱን ከአፍንጫው ሥር ይዛችሁ “ፓፓፓ” አስብሉት። መስታወቱ ላይ ጉም ከያዘ አየር በአፍንጫ እያመለጠ ነው፤ ላንቃው ይታይለት።

አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ “ጸ” እና “ዘ” ቢያስቸግሩት በሽታ አይደለም፤ ድምፆቹ በቋንቋው የሉም። እናቱን “በኦሮምኛስ ጥሩ ያወራል?” ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ የንግግር ችግር በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያኮላትፍም፤ አንዱን አቁሙ ብላችሁ አትምከሩ።

መንተባተብ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጅ ላይ ይታያል፣ ብዙውንም ይተወዋል። ከ6 ወር ካለፈ፣ ፊቱ ከተወጠረ ወይም በቤተሰብ ውስጥ የሚንተባተብ ካለ ላኩት። “ረጋ በል” አትበሉት፤ ዓይኑን እያያችሁ ጨርሶ እስኪናገር ጠብቁ።

5. ጆሮውን ፈትኑ

ጉንፋን በሌለበት ቀን፣ ከኋላው አንድ ሜትር ርቃችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ “ኳስ፣ ቤት፣ ውሻ” በሉና ይድገም። በየተራ አንዱን ጆሮ በእጁ ይሸፍን። አታጨብጭቡ፤ የማይሰማ ልጅም የአየሩን ንቅናቄ ተሰምቶት ይዞራል። ጆሮው የሚፈስ ልጅ ይታከም፤ ዘይትም ሆነ ቅጠል አይጨመርበት።

6. ለወላጅ ንገሩ

“ልጅዎ ችግር አለበት” አይባልም። “ሲተኛ ያንኮራፋል? ቴሌቪዥን ድምፅ ይጨምራል?” ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ደብተሩን አሳዩ፦ ቀን፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ ያያችሁት ነገር። ጤና ጣቢያው እንዲሁ ከሚነገረው ይልቅ በዚያ ወረቀት ላይ ተነሥቶ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር ይጽፋል። “እንጥሉን እናስቆርጠው” የሚል አያት ቢኖሩ በአክብሮት መልሱ፤ እንጥል መቆረጥ ያደማል፣ ያመረቅዛል፣ አዴኖይዱን ግን አይነካውም።

ቀጠሮ እስኪደርስ ልጁን ከመንገዱ መስኮት ራቅ አድርጋችሁ ፊት አስቀምጡት፣ በደንብ የሚሰማው ጆሮ ወደ እናንተ ይሁን። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትምህርቱን በቃል አትቀጥሉ፤ ሥዕል አውጡና ከጎኑ ተቀመጡ።