የታመመ ዲስክ ከመጠገኑ በፊት ይቀዳ
የሊኑክስ ኮምፒውተርዎ አልነሳ ብሎ ዲስኩ የንባብ ስሕተት ማሳየት ከጀመረ፣ የፋይል ሥርዓትን የሚፈትሸውን ኤፍኤስሲኬን (fsck) ለማስኬድ አይቸኩሉ፤ ይህ መሣሪያ ለጥገና ሲል በዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ፣ ሊተርፍ የሚችለውን መረጃ ጭምር ሊያበላሽ ይችላል። ይልቁንም በሌላ ኮምፒውተር ሲስተምሬስኪውን (SystemRescue፣ ከፍላሽ የሚነሣ የሊኑክስ ማዳኛ ሥርዓት) በፍላሽ ላይ አዘጋጅተው ማሽኑን ከዚያ ያስነሡ፤ ቀጥሎም በውስጡ ባለው የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም በጂኤንዩ ዲዲሬስኪው (ddrescue) መላውን ዲስክ ቢያንስ እኩል መጠን ወዳለው ሌላ ዲስክ ይቅዱ። ዲዲሬስኪው በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል አስቀድሞ ያወጣና ወደተበላሸው በኋላ ይመለሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የካርታ ፋይሉን ነው። ቅጂው የት እንደደረሰ የሚመዘግበው ይህ ፋይል ካለ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ (መቼም እንግዳ ነገር አይደለም) ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል፤ ሆኖም ሲስተምሬስኪው ራሱ በጊዜያዊ ማኅደር (ራም) ላይ ስለሚሠራ፣ ፋይሉን እዚያው ካስቀመጡት ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በተለየ ፍላሽ ላይ ያኑሩት።

በዲዲሬስኪው ትእዛዝ ውስጥ ምንጩ ይቀድማል፣ መድረሻው ይከተላል፤ ተገላብጦ ከተጻፈ ባዶው ዲስክ በመረጃዎ ላይ ስለሚቀዳ፣ ዲስኮችን በሚዘረዝረው በኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) ትእዛዝ የዲስኮቹን መጠንና ሞዴል ሳያመሳክሩ አይጀምሩ። ኤፍኤስሲኬን የሚያስኬዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ብቻ ነው።