የፈረንሳይ ገጠር ለምትሄዱ
እንደ ኮንክ ወዳሉ ትንንሽ የፈረንሳይ መንደሮች ስትወጡ ስንቃችሁን በጠዋት ያዙ። ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ለምሳ ይዘጋሉ፤ ሰኞ ደግሞ ብዙ ቦታ ዳቦ ቤቱ ራሱ ዝግ ስለሆነ እሁድ ጠዋት የሁለት ቀን ዳቦ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። ውሃ ካለቀባችሁ ወደ መቃብር ስፍራው ጎራ በሉ። አበባ ማጠጫ ቧንቧ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። «ኖን ፖታብል» የሚል ከተለጠፈበት ግን እንዳትጠጡ! ኮንክን የሚያቋርጠውን ረጅሙን የእግር መንገድ የምትጓዙ ከሆነ ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባውን ነጭና ቀይ መስመር ተከተሉ፤ ሁለቱ ተጣምረው ኤክስ ከሠሩ መንገድ ስታችኋልና ተመለሱ። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ «ቦንዡር» በሉ፣ ሰላም ሳይሉ ዕቃ መጠየቅ እዚያ ነውር ነው።