ለኤክስቴንሽኗ ተብሎ የተሠራ ሽንት ቤት

ብቸና አካባቢ አክስቴ ቤት ቁጭ ብለናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከአጥሩ ብቅ ስትል የአክስቴ ልጅ በጓሮ ዞሮ ሮጠ። ጅሪካኑን ውኃ ሞልቶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሰቀለው። ልጅቷ ግን ጅሪካኑን አይታ ብቻ አላለፈችም። ከሥሩ ያለውን መሬት ነው ያየችው። ደረቅ አቧራ።

«እትዬ፣ ይቺ ጅሪካን ዛሬ ነው የተሰቀለችው?» አለቻት።

አክስቴ ሳቀች። እኔ አፈርኩ።

እንግዲህ በሽንት ቤት ጉዳይ ከምንሠራቸው ስህተቶች የመጀመሪያው ይሄ ነው፤ ለቁጥጥር ቀን መሥራት። ክዳኑም፣ አመዱም፣ መታጠቢያውም እሷ ስትመጣ ብቻ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የደጀንና የብቸና ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ በክረምት ደግሞ ያብጣል። ግድግዳው ያልተደገፈ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ይደረመሳል፤ ቤተሰቡም ወደ ጫካው ይመለሳል። የጉድጓዱን አፍ ዙሪያ በድንጋይ ገንቡ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከላይ በኩል ጎርፍ መቀየሻ ቦይ ቅደዱ። ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ያውም ቁልቁል በኩል። 30 እርምጃ 30 ሜትር አይደለም፣ በገመድ ለኩት። ሌላው የሚረሳው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሥር ከውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚሞላ ደግሞ መጋቢት ላይ አይታይም፤ ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ እዩ።

ሦስተኛው፣ ማንኛውንም ጉድጓድ «ሴፕቲክ ታንክ» ማለት። አሁን አሁን ልጆች ከከተማ ብር ሲልኩ ገጠርም የውኃ ሽንት ቤት እየተሠራ ነው። ግንበኛው ድንጋይ ደርድሮ ሥሩን ክፍት ይተወዋል። ይሄ ታንክ አይደለም። እውነተኛው ውኃ የማያሳልፍ ነው፣ ሁለት ክፍል አለው፣ የመጀመሪያው ይሰፋል። ዝቃጩ እዚያ ይቀራል፣ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። ክዳኑን በሲሚንቶ የሚደፍኑም አሉ። ታዲያ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ክፈቱልኝ» ቢል በመዶሻ ልትሰብሩት ነው?

አመድም ያምታታል። ለደረቁ ጉድጓድ ሽታና ዝንብ ስለሚቀንስ ጥሩ ነው። ታንክ ውስጥ ግን አይሟሟም፤ ቶሎ ይሞላዋል።

አራተኛው፣ እስኪገነፍል መጠበቅ። ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ሲይዝ ማስመጠጥ ነው። መምጠጫው ቦቴ በክረምት ጭቃ አይገባም፣ ስለዚህ በበጋ ጥሩት። በሌሊት ወደ ወንዝ መልቀቅ ያው ታች ያለውን ጎረቤት ማጠጣት ነው። ሰው አውርዶ ማስጠረግማ ፈጽሞ አይሞከርም። ታንኩ ውስጥ ያለው ጋዝ የወረደውንም፣ እሱን ላድን ብሎ የሚከተለውንም ይገድላል።

የመጨረሻው፣ ባለሙያን ከቆፈሩ በኋላ መጥራት። አክስቴ አሮጌው ሲሞላ አዲስ ከማስቆፈሯ በፊት ያችኑ ልጅ አስጠራቻት። መጥታ ቦታውን ሁለት ጊዜ አስቀየረቻት። አክስቴ ትንሽ አጉረመረመች፤ ቆፋሪው ግን ገና ዶማውን አላነሳም ነበር።